አያቴ ያላነሡት ከዘራ

ዛሬ ሠራልኝ! የትምህርት ቤታችን ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ የፈረስ መዝገብ ላይ ተራ እየጠበቁ ጻፉ፤ አንድም ፈረስ አልጠፋብኝም።

ብልሃቱ የአያቴ ነው። ባለፈው ክረምት ያረፉት አያቴ የሰፈሩ ፈረሶች የሚመዘገቡበትን ደብተር በረንዳቸው ላይ ያስቀምጡ ነበር። የሚጽፍ ሰው ከዘራቸውን ደብተሩ ፊት ያጋድማል፤ ጽፎ ሲጨርስ ያነሣል፤ እስኪነሣ ሌላው አይጽፍም። አንድ ቀን ራሳቸው ሳያነሡት ዳንግላ ሄዱ። ማታ ሲመለሱ ሦስት ጎረቤቶች ለመጻፍ ተራ እየጠበቁ ተቀምጠዋል።

«አያ፣ ከዘራው እኮ አልተነሣም» አሏቸው።

አያቴ በሳቅ ፈረሱ። «ባለቤቱ ከሌለ አንሱት እንጂ! ከዘራ ይጽፋል እንዴ?»

የኔም ፕሮግራም እንደ ጎረቤቶቻችን ነበር። በውስጡ ያለው ትንሽ ዳታቤዝ፣ ማለትም መረጃ አስቀማጩ፣ ፋይሉን ቆልፎ ሲጽፍ መብራት ከጠፋ፣ ቁልፉ እንደተዘጋ ይቀራል፤ ሌላው ኮምፒውተር ዝም ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ የመረጃውን አቀማመጥም የፋይሉን አቆላለፍም ራሴ ቀየርኩ፤ የቆለፈው ከሌለ ቁልፉ ይነሣል።

አያቴ ካረፉ ወዲህ ግን ደብተሩ ፊት እንደተጋደመ የቀረውን ከዘራቸውን ለማንሣት የደፈረ የለም፤ ደብተሩም ባዶ ወንበራቸው አጠገብ ሳይጻፍበት ከረመ። ትናንት ከዘራውን አነሣሁት። አለቀስኩ፣ ከዚያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩ።

የእንጅባራ ባለፈረሶች፣ ቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ኑ። አያቴ ያላዩአቸውን ውርንጭላዎች ስም ይዛችሁልኝ ኑ።