ከማዞሪያው ጀርባ ሦስት ቀን

የሰፈሩ ሰው «ሃሎ» ይለዋል። በፊቱ የሚጠራው ግን የለም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ስም ሲነሳ ሲወድቅ እሱ አልሰማም። ስሙ የወጣለት ለሰላምታም ለጠብም አፉን የሚከፍተው «ሃሎ» ብሎ ስለሆነ ነው። በሠርጉ ዕለት ቃል ሲያስገቡት «ሃሎ» ብሎ መለሰ የሚሉም አሉ፤ ይህቺኛዋ ላይ እንኳ ሳይጨመርባት አልቀረም።

ሥራው ለመሥሪያ ቤቶች ስልክ መሸጥ ነው። የቤት ስልክ አይደለም። ከውጭ የሚገቡትን ስምንት አሥር መስመሮች ተቀብሎ ለስድሳ ለሰባ ጠረጴዛ የሚያዳርሰውን ማዞሪያ ከነሽቦው፣ ከነስልኮቹ፣ ከነጭቅጭቁ ነው የሚሸጠው። በወጣትነቱ በሰው ድርጅት ተቀጥሮ ኮርኒስ ውስጥ እየዳኸ ሽቦ ይጎትት ነበር። ጉልበቱ ማስቸገር ሲጀምር ከሚስቱ ወንድም ጋር ሆኖ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ሁለት ክፍል ተከራየና የሁለት አምራቾች ወኪል ሆነ። አማቹ ሽቦ ይዘረጋል፤ እሱ ይመርጣል፣ ይሸጣል።

መምረጥ ሲባል ቀላል እንዳይመስላችሁ። አምራቾቹ በየዓመቱ የሚያብረቀርቅ ካታሎግ ይልካሉ። እሱ ካታሎጉን ለልጁ ደብተር መሸፈኛ ይሰጥና ስልኩን ከጠረጴዛ ላይ ወደ ሲሚንቶው ወለል ይለቀዋል። ሦስት ጊዜ ወድቆ ከሠራ ይሸጠዋል። አንዴ ደንበኛ ፊት ሊያሳይ ብሎ ቢለቀው ለሁለት ተሰነጠቀ። «አዩ? ይሄንን አልሸጥልዎትም!» አለ ኮራ ብሎ። ሰውየው እንባው እስኪመጣ ስቆ ሌላውን ገዛው።

ከሁሉም በላይ የሚኮራው ግን በደብተሩ ነው። ሌሎቹ ሻጮች ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሻይ ይጠጡና ፕሮፎርማ ጥለው ይሄዳሉ። እሱ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብሎ ማዞሪያው ላይ ከምትሠራው ኦፕሬተር አጠገብ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ስንት ጥሪ ገባ፣ ለማን ገባ፣ ስንቱ ሳይነሳ ቀረ፣ አንድ በአንድ ይጽፋል። ከዚያ ደብተሩ ያለውን ይሸጣል። «እኔ መጀመሪያ እጠይቃለሁ» ይላል፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም። እውነቱን ለመናገር ይህን ሲል ትንሽ ያሰለቻል።

ሃምሳ ሁለት ዓመት በሞላው ዓመት አንድ የቀለም ፋብሪካ አሮጌ ማዞሪያውን ሊቀይር ፈልጎ ጠራው። ስድሳ አራት የውስጥ መስመር ያለው ትልቅ ሥራ ነው። ማዞሪያው ያለው ከደረጃ ሥር፣ ጣሪያው ወደ አንድ ጎን ዘመም ባለ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ከላይ ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር አናት ላይ የሚረግጥ ይመስላል። አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ የቁጥር ዝርዝር፣ ሽፋኑ የተላጠ አንድ ወንበር፣ ወንበሩም ላይ ሃያ ስድስት ዓመት የተቀመጠች ሴት አለች። ወደ እሷ ለመደወል ዜሮ ስለሚነካ ሠራተኛው ሁሉ «ዜሮ» ይላታል። እሷም ለምዳዋለች።

እሱ በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ሥራዋን ሲያይ ገረመው። ሰዓቱን አይታ ማን እንደሚደውል ቀድማ ታውቃለች፤ ሥራ አስኪያጁ የቱ ጋ እንዳለ፣ ለማን እንዳለና ለማን እንደሌለ ታውቃለች። የጠየቃትን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረችው።

«እህቴ፣ ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ለምንድነው እንዲህ የሚጨናነቀው?»

«ሽያጭ ክፍል ነዋ! ከአሥር ጥሪ ሰባቱ የእነሱ ነው። እኔ ተቀብዬ ማቀበል ነው። እሱን ስቀበል ሌላው ይዘጋል። ይጻፉት፣ ይጻፉት።»

ጻፈው። በሦስተኛው ቀን ማምሻውን፣ ማዳመጫውን ከራሷ ላይ አውርዳ እሷ በተራዋ ጠየቀችው።

«አዲሱ ማሽን ራሱ ያነሳል ይላሉ። እውነት ነው?»

«ያነሳል። ‹ለሽያጭ አንድን ይጫኑ› ይላል፣ ያገናኛል።»

«ሰው ሳይኖር?»

«ሰው ሳይኖር።»

የማዳመጫውን ገመድ በጣቷ ጠቀለለችው። «መቼ ይደርሳል?» አለች።

አዘነላት። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ስታቀብል ኖራ አሁን የምትሰናበትበትን ቀን ትጠይቀኛለች ብሎ አሰበ። «ገና አልተወሰነም፤ አይስጉ» አላት። እሷም ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ደብተሩ የሚለው ግልጽ ነበር። ከአሥር ሰባቱ ጥሪ ወደ አንድ ክፍል የሚሄድበት ቤት ራሱ የሚያነሳ ማሽን ነው የሚያስፈልገው፤ በሥራ ዘመኑ እንዲህ የማያሻማ ደብተር ጽፎ አያውቅም። ያን ቀን ማታ ደብተሩን ዘግቶ አስቀመጠውና ለሚስቱ ነገሩን አጫወታት። ሚስቱ አስተማሪ ናት፤ የፈተና ወረቀት እያረመች ነበር የምትሰማው።

«የሴትዮዋን የእንጀራ ገመድ በእጄ አልበጥስም» አላት። «ማሽኑን ትቼ በሰው የሚሠራውን አቀርባለሁ።»

«እሷ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ደስ ይላታል እንጂ።»

«ጠየቅካት ወይ ነው የምልህ፣ አቶ እጠይቃለሁ?»

«አንቺ ደግሞ ወረቀትሽን እረሚ!» ብሎ ተነስቶ ሄደ። እሷም አረመች።

ያቀረበው ሁሉም ጥሪ በኦፕሬተር እጅ የሚያልፍበትን፣ አርባ ስምንት ቁልፍ ያለውን ማዞሪያ ነበር። ከሥሩም በገዛ እጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፦ «ሥርዓቱ በሚገባ እንዲሠራ አሁን ያለችው ልምድ ያላት ኦፕሬተር ድርጅታችን ጥገና በሚሰጥባቸው አምስት ዓመታት በቦታዋ እንድትቆይ ያስፈልጋል።» ይህቺን ሲጽፍ ደስ አለው። ከዚያ በፊት ለማንም ያልጻፈው ነገር ነው።

የፋብሪካው የግዢ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ሥራ አስኪያጁ ወደ ማሽኑ ያዘነብል ነበር። ሃሎ «ደንበኛ የሰው ድምፅ ይፈልጋል» ብሎ ተከራከረ፤ ደብተሩን ግን ከቦርሳው አላወጣም። ደግነቱ ኮሚቴው ስለ ማሽን ብዙ አልተጨነቀም። ሁለት ሰዓት ሙሉ የፈጀው መቶ አንድ የሚለው ቁጥር ለምክትሉ ይሁን ለፋይናንስ ኃላፊው የሚለው ክርክር ነው። ምክትሉ ቀድሜ ተሾሜያለሁ ይላል፤ የፋይናንስ ኃላፊው ያለእኔ ፊርማ ስልኩም አይገዛም ይላል። ሃሎ እንዲህ ያለውን ጠብ ስንት ጊዜ ዳኝቷል! ቁጥሩ በፎቅ ነው የሚሰጠው አለና መቶ አንድን ምድር ቤት ላለው ዘበኛ ሰጠው። ሁለቱም እኩል ተናደዱ፤ እኩል ስለተናደዱም ተስማሙ። የቀረውን «እርስዎ ባለሙያ ነዎት» ብለው እንዳለ ፈረሙለት።

ዕቃው በሁለት ወሩ ደረሰ። አማቹ ከደረጃው ሥር ሽቦውን ሲያገናኝ ሃሎ አዲሱን ማዞሪያ ከካርቶኑ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው። ምስጋና ይጠብቅ ነበር። ይህን ባይናገረውም ፊቱ ላይ ይታያል።

ሴትዮዋ ቁልፎቹን አየች። «ራሱ የሚያነሳው የታለ?» አለች።

«እሱን አስቀርቼዋለሁ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከወንበርዎ የሚያስነሳዎት የለም። አምስት ዓመት በጽሑፍ አስይዤልዎታለሁ።»

ወንበሯ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም።

«የቀኝ ጆሮዬ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው» አለች። «ግራው ደግሞ ቤት ስገባ ይጮህብኛል፣ እስኪነጋ። ሐኪሙ ማዳመጫ ይቅርብሽ ብሎኛል። ላይ ቤት የቀለም ናሙና የሚያመሳስሉበት ክፍል አለ፤ መስኮት አለው፣ ድምፅ የለውም። ወደዚያ አዛውሩኝ ብዬ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። ሁልጊዜ ‹ማሽኑ ሲመጣ› ነው የሚሉኝ። ቦታው ተይዞልኝ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እርስዎ የጠየቁኝ ስለ መስመሩ ነው። ስለ መስመሩ ያለኝን ሁሉ ነገርኩዎት። ያንን ሁሉ ያስጻፍኩዎት ማሽኑ እንዲመጣ ብዬ ነበር።»

አፈረ። ሥራ ከጀመረ ወዲህ እንዲህ አፍሮ አያውቅም፤ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወደ አስተዳደር ኃላፊው ወጣ። ማሽኑ ይሻላል፣ እቀይረዋለሁ፣ ልዩነቱንም ራሴ እችላለሁ አለ። ኃላፊው በጽሞና ሰማውና ፋይሉን ከፍቶ ከሥር ያለችውን ዓረፍተ ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበለት።

«ይሄ የርስዎ ጽሑፍ አይደለም?»

«የኔ ነው።»

«እኛም ባለሙያው ያለውን ነው ያጸደቅነው። የናሙና ክፍሉን ቦታ ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሰው ሰጠነው። አሁን በኮሚቴ የጸደቀ ነገር ይፍረስ ብል ማን ይሰማኛል? አምስት ዓመት እኮ ሩቅ አይደለም፣ ወንድሜ።»

ሃሎ ሲመለስ አማቹ ሥራውን ጨርሶ መሣሪያውን እየሰበሰበ ነበር። ሴትዮዋ ማዳመጫውን በግራ በኩል አጥልቃ ትጠብቀዋለች። ላይ ምን እንደተባለ አልጠየቀችውም፤ ፊቱን አይታ አወቀችው መሰለኝ። በርጩማውን ስቦ ተቀመጠና ማስተማር ጀመረ፤ ይህ ቁልፍ ጥሪ ያቆያል፣ ይህ ያስተላልፋል፣ ይህ ሦስት ሰው ያገናኛል። አንዱንም ሁለተኛ አላስደገመችውም። ሥልጠናው ሦስት ቀን ተብሎ የተያዘ ነበር፤ እሷ በግማሽ ቀን ጨረሰችው።