ዙሀራ የከፈተችው ባቡር

ኮልፌ ገበያ ጀርባ ያለችው ባለ አንድ ክፍል ሱቅ የምትታወቀው በከሊፋ ስም ነበር፤ ከሊፋ ሬዲዮ ጠጋኙ። ሰፈሩ ያላወቀው ነገር ቢኖር፣ ላለፉት ሰባት ዓመታት የከሊፋ እጅ እየተንቀጠቀጠ ካቻቢቴ እንኳ መያዝ አቅቶት እንደነበር ነው። እሱ ከፊት ተቀምጦ ደንበኛ ያጫውታል። ከመጋረጃው ጀርባ ቀጭኑን ሽቦ የምትበይደው፣ የተቃጠለ ሞተር ፈትታ እንደ አዲስ የምትጠቀልለው ሚስቱ ዙሀራ ነበረች።

በ1963 ዓ.ም. ከሊፋ ሞተ። ዙሀራ የባል ሐዘኗን፣ አራት ወር ከአሥር ቀኗን፣ ከቤት ሳትወጣ ጨረሰች። በማግስቱ ሱቁን ከፍታ መጋረጃውን አወረደችና ጠረጴዛውን ወደ በሩ ሳበችው።

ሰው ግን ሬዲዮውን ታቅፎ ይመጣና፣ "ከሊፋ የለም?" ይላል። "አርፏል፤ እኔ እሠራዋለሁ" ስትለው አንገቱን ደፍቶ "አላህ ይርሐመው" ይልና ሬዲዮውን እንደታቀፈ ይመለሳል። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የሟቹ ታላቅ ወንድም ረሻድ መጣ። በርበሬ ነጋዴ ነው፤ ገና ከበሩ ያስነጥሳል።

"ዙሀራ፣ ይኼን ነገር ተይው" አለ። "ሰኞ ጨርቅ ነጋዴ ይዤ እመጣለሁ፤ ቤቱን ይከራያል። አንቺም በክብር ቤትሽ ትቀመጫለሽ። ሴት ልጅ አደባባይ ወጥታ ሬዲዮ ስትፈታ የት አገር ታየ?"

"ኮልፌ" አለች ዙሀራ።

በዚህ መሃል አንድ ሽማግሌ ጆንያ ተሸክመው ገቡ። አቶ በዛብህ ይባላሉ። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠላሳ አንድ ዓመት ትኬት ቆርጠው ጡረታ ወጥተዋል። ከጆንያው ውስጥ ክንድ የማትሞላ፣ በመብራት የምትሄድ አረንጓዴ የመጫወቻ ባቡር ራስ አወጡ፤ ቀጥሎም ተገጣጥሞ ክብ የሚሆን ሐዲድ። አገሩ የሚገባ ፈረንሳዊ የሥራ ባልደረባቸው ሲሰናበታቸው የሰጣቸው ነው። ሁለት ዓመት ዞሯል። ከፋሲካ ወዲህ ግን ቀጥ ብሏል።

"ፒያሳ ያለው ሰዓት ሠሪ ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ዕቃው ከውጭ አገር ካልመጣ በቃ፣ ጣሉት አለኝ። ከሊፋን ላሳየው ብዬ ነው።"

"ከሊፋ አርፏል። እኔ ልየው።"

አቶ በዛብህ ባቡሩን መልሰው ደረታቸው ላይ አስጠጉ። ረሻድ ሳቀ። "አየሽ? ሰው እጁን ይሰበስባል።"

ዙሀራ ተነሳች። "ጋሼ ረሻድ፣ ይቀመጡ። ይኼ ባቡር ዛሬ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ካልሄደ ቁልፉን በገዛ እጄ አስረክብዎታለሁ። ከሄደ ግን ጨርቅ ነጋዴዎን ሌላ ቤት ይፈልጉለት። አቶ በዛብህ፣ ሰዓት ሠሪው ጣሉት ብሎዎታል፤ ከመጣል በላይ እኔ ምን አደርገዋለሁ?"

ሽማግሌው ባቡሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

መጀመሪያ ከመኪና ባትሪ ሁለት ሽቦ አወጣች፤ በአንደኛው መካከል፣ መብራት በሞተሩ ካለፈ የሚበራ ትንሽ አምፑል አሰረች። ሽቦዎቹን በግራና በቀኝ ጎማዎቹ ላይ አስነካች። አምፑሉ አልበራም።

"ሰዓት ሠሪውም እንደዚሁ ነው ያደረገው" አሉ አቶ በዛብህ በሐዘን።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጣሉት አለኝ።"

ዙሀራ ጎማውን በጥፍሯ ፋቀችው። ቢጫ ስስ ቅርፊት ተላጠ። አሸተተችው። ጎማዎቹን በቤንዚን እስኪያብረቀርቁ አሸችና እንደገና ሞከረች። አሁንም ጨለማ።

"ቁልፉ የት ነው ያለው?" አለ ረሻድ።

"ኪሴ ውስጥ። አይቸኩሉ።"

ሁለቱን ብሎኖች ፈትታ አረንጓዴውን ክዳን አነሳች። ሽታው ቤቱን ሞላው።

"ይኸው! ተቃጥሏል!" ረሻድ ከወንበሩ ተነሳ።

"የተቃጠለ ሽቦ ይጠቁራል፤ ሽታውም አፍንጫ ይሰነጥቃል። ይኼ ገና ወርቅ ይመስላል። የተቃጠለውን እኔ ነኝ ስጠቀልል የኖርኩት፣ ጋሼ፣ እኔን አያስተምሩኝ።"

የሞተሩ እንብርት ላይ ያለው የመዳብ ቀለበት በሦስት የተከፈለ ነው፤ ሦስቱም ክፍሎች ከሦስት የሽቦ ጥቅሎች ጋር የተያያዙ ናቸው። አምፑሉን አንደኛውና ሁለተኛው ላይ አስነካች፤ በራ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ፤ በራ። ሦስተኛውና አንደኛው፤ እኩል በራ።

"ደህና ነው" አለች። "ሞተሩ አልሞተም። መብራት የሚያደርስለት ነው ያጣው።"

ቀለበቱን ከግራና ከቀኝ እየተጫኑ መብራት የሚያቀብሉት፣ ከስንዴ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ ሁለት ካርቦኖች ናቸው። ከኋላ ትንሽ ሞላ ትገፋቸዋለች። ዙሀራ በመርፌ ነካ አደረገቻቸው፤ ሁለቱም ቤታቸው ውስጥ ተጣብቀው ቀርተዋል። መርፌውን አሸተተች። ቀና ብላ አቶ በዛብህን አየቻቸው።

"ምን ቀቡት?"

"እ... ዘይት ነዋ! ባቡር ያለ ዘይት ይሄዳል እንዴ? እኛ ጋ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ዘይት ይጠጣ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ።"

"የምን ዘይት?"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ማዟዟር ጀመሩ። "ቤት ውስጥ የነበረውን። የኑግ።"

ዙሀራ እስክታነባ ሳቀች፤ ከሊፋ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። "ወጥ ሠርተውበታላ! ጾም ባይሆን ኖሮ ቅቤ ይለቁበት ነበር ማለት ነው?"

"ታዲያ ሁዳዴ ነበር እኮ" አሉ አቶ በዛብህ፣ እሳቸውም እየሳቁ።

"የኑግ ዘይት ሲሰነብት እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል። የድስት ቂጥ አጥቦ የማያውቅ ሰዓት ሠሪ ይኼን ከየት ያውቀዋል?"

ካርቦኖቹን አውጥታ በቤንዚን አጠበች፤ ቤታቸውን በጨርቅ ወለወለች። በመዳቡ ክፍሎች መካከል የገባውን ዝቃጭ በስፌት ሰበዝ ጫፍ ጠርጋ አወጣች፤ ብረት ይቧጭረዋል፣ ሰበዝ አይጎዳም። ጎማውን የሚያዞሩትን ጥርሶች አንድ በአንድ አጸዳች። በመጨረሻ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ ነክራ አንድ ጠብታ እዚህ፣ አንድ ጠብታ እዚያ፤ ቀለበቱን ሳትነካ። ገጠመችው። ሐዲዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ከባትሪው ጋር አያያዘችና ባቡሩን አስቀመጠች።

ባቡሩ ነቅነቅ አለ። ከዚያ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ።

"ወደ ኋላ!" ረሻድ ጭኑን መታ። "እንደ ሠሪዋ ግራ ነው!"

ዙሀራ ሁለቱን የባትሪ ሽቦዎች አቀያየረች። ባቡሩ ቆም ብሎ ወደ ፊት ተነሳ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። አቶ በዛብህ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ባለ ሥልጣን የሚያልፍ ይመስል።

"ሄደ" አለች ዙሀራ።

ረሻድ ወደ በሩ ዞረ። "የልጅ መጫወቻ ነው" አለ። "ሰውየውን ለሰኞ ቀጥሬዋለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም።"

"የእኔንስ ቃል?"

ረሻድ በሩን አልፎ ወጣ።

"ይምጣ!" ብላ ከኋላው ጮኸችበት። "እዚሁ ያገኘኛል!"

አቶ በዛብህም ባቡራቸውን ታቅፈው ሄዱ፤ ግን ዝም ብለው ቤታቸው አልገቡም። ከኮልፌ እስከ አስኮ የሚያውቁትን ጡረተኛ ሁሉ አዳረሱ፤ የደረሱበት ቤት ሁሉ ባቡሩን እያሳዩ፣ የኑግ ዘይቱን ነገር እያወሩ ራሳቸውን እያሳጡ።

ሰኞ ጠዋት ረሻድ ጨርቅ ነጋዴውን አስከትሎ መጣ። በሩ ላይ ሁለቱም ቆሙ። አግዳሚው ላይ አቶ በዛብህና ሦስት ጡረተኞች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ሥር ሬዲዮ፣ ካውያ፣ የቆመ የግድግዳ ሰዓት። ወይዘሮ ከበደች የምትባል ጠጅ ሻጭ ደግሞ ግራሞፎኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተራ ትጠብቃለች። ዙሀራ ሆዱ የተከፈተ ሬዲዮ ላይ አቀርቅራለች፤ መበየጃው ይጨሳል።

ጨርቅ ነጋዴው ውስጡን ዞር ዞር ብሎ አየ። "አቶ ረሻድ፣ ባዶ ቤት አይደል እንዴ ያሉኝ? ይኼ እኮ ሰው አለበት" አለና መንገዱን ቀጠለ።

ረሻድ በሩ መሃል ቀረ፤ ለመከተልም ለመግባትም አልቆረጠለትም። ዙሀራ ከሥራዋ ቀና አላለችም።

"ጋሼ ረሻድ፣ ብርሃን ከለከሉኝ። ወይ ይግቡ፣ ወይ ይውጡ።"