ላልነበረችኝ አክስት የተቀመጥኩት ለቅሶ

ጋምቤላ ውስጥ ሬዲዮ በመጠገን የሚስተካከለኝ አልነበረም። ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው። ከወሎ በሰፈራ መጥቼ ማሳ ላይ ስሠራ አንድ የሞተ ሬዲዮ ፈትቼ ገጠምኩ፤ ተናገረ። ከዚያ ወዲያ ማረሻ አልጨበጥኩም። ፊደልንም ከዘይት ቆርቆሮና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ እየለቀምኩ ነው የቆጠርኩት። ዐረብኛን ያስተማረኝ ደግሞ ራሱ ሬዲዮው ነው። ከሱዳን የሚተላለፈውን ዜና እሰማና የሰማሁትን በባሮ ዳር ነጋዴዎች ላይ እሞክረዋለሁ። መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ ኋላ ግን እኔን ማስተርጎም ጀመሩ።

ክልሉ አዲስ በተቋቋመበት ጊዜ ገበያው ውስጥ በረንዳዬን የሚጋራኝ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። አዲሶቹ ሹማምንት በዚያ ሙቀት ሁሉም ኮት ያሰፉ ስለነበር ሥራ አያጣም። “የአሶሳ ሰው ነኝ” ይላል። አሶሳ ዐረብኛ ይነገራል፣ ሰውየው እስላም ነው፤ ከተማው ከዚያ በላይ አልጠየቀውም። እኔ ግን በሳምንቱ የሱዳን ሰው መሆኑን ለየሁት። አነጋገሩ የሬዲዮው ሰዎች አነጋገር ነበር። ይህን መለየት የሚችል ጆሮ በከተማው የነበረው እኔ ብቻ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ያወቅሁትን ብነግረው አልካደም። ወታደር ነበር፤ ከድንበር ጦር ሰፈር ጠመንጃውን ጥሎ ጠፍቷል። ያን ጊዜ ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው ስለነበር የከዳ ወታደር ከተገኘ ይመለሳል ይባል ነበር። “ከመለሱኝ ይረሽኑኛል” አለኝ። ሁለተኛ አላነሳነውም።

አንድ ቀን ከሱዳን፣ ከነጭ አባይ ዳር ከተማ የመጣ ነጋዴ ሬዲዮ ሊያሠራ እኔ ዘንድ ተቀመጠ። እስክጨርስለት ድረስ የከተማቸውን ወሬ ያወራልኛል፤ ማን እንዳገባ፣ የማን ጀልባ እንደሰጠመ። መሀል ላይ “ገበያው ዳር ሻይ የምትሸጠው ሴትዮም ሞተች፤ ያቺ ልጇ ውትድርና ሄዶ የቀረባት” አለና ስሟን ጠራ። አጠገቤ የስፌት መኪናው ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተነሣ። ነጋዴው ሬዲዮውን ይዞ ሲሄድ ዞር ብዬ ባይ ልብስ ሰፊው ገልብጦ የሰፋውን እጅጌ ይተረትራል።

“እናቴ ናት” አለኝ።

እዚህ ከተማ ሲገባ “እናትና አባቴ በልጅነቴ ሞተዋል” ብሏል። አሁን ለቅሶ ቢቀመጥ ማን ሞተ፣ የት ሞተች ሊባል ነው።

“ጋሼ፣ ለቅሶውስ ይቅር” አለ። “የሚቆጨኝ ስሟ ዱዓ ላይ ተጠርቶ ሰው አሚን ሳይልላት መቅረቷ ነው። ሌላ ልጅ የላትም።”

መፍትሔውን ያገኘሁት የያዝኩትን ብሎን ሳላስቀምጥ ነው። የወሎ ሰው ቤት ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ እስላም መሆኑን ጋምቤላ ያለ ሁሉ ያውቃል። እኔ ክርስቲያን ብሆንም እስላም አክስት ብትሞትብኝ ማን ይደነቃል?

የተደነቀችው ሚስቴ ብቻ ናት።

“የትኛዋ አክስትህ?”

“የማታውቂያት።”

“የማላውቀው ዘመድ አለህ እንዴ? ሁሉም መጥተው በልተዋል እኮ!”

ነገሩን ስነግራት ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣችና ከጎረቤት ሁሉ ቀድማ ጮኸች። እንደዚያ መጮህ እንደምትችል አላውቅም ነበር።

ሸራ ተወጠረ። እስላሞቹ ባለሱቆች ምንጣፍና ተምር ላኩ። አንድ የአኙዋ ደንበኛዬ ዓሣ በገመድ ሰክቶ አምጥቶ ማድ ቤቱ በር ላይ አስቀመጠ። ልብስ ሰፊው እንደ ጎረቤት ሻይ ያድላል፤ እያደለ እንባው ይወርዳል። ሥጋ ቤት ያለው ጎረቤታችን አላስቻለውም።

“አንተ ልብስ ሰፊ፣ ሴትዮዋ የማን አክስት ናት? ባለቤቱ ተምር ይበላል፣ አንተ ታለቅሳለህ!”

“ሆደ ባሻ ነው” አልኩ። “ገበር ሲቀድ እንኳ ያለቅሳል።”

ሳቁ። ተምሩን ግን ከእጄ አስቀመጥኩት።

ሼኹ ለዱዓ ሲዘጋጁ የሟቿን ስም ጠየቁኝ። ሰውየው የነገረኝን ስም ሰጠኋቸው።

“ይህ የወሎ ስም ነው?” አሉ።

“አባቷ ሐጅ ደርሰው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ነው።”

እንዲህ ያለውን መልስ በዚያ ፍጥነት የሚያገኝ ብዙ ሰው አይኖርም። ሼኹ እጃቸውን ዘርግተው ስሟን ደጋግመው ጠሩ፤ ሸራው ሥር ያለው ሁሉ አሚን አለ። እኔም ብያለሁ። ልብስ ሰፊው ትሪውን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል።

ነጋዴውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከባለሱቆቹ ጋር መጥቶ መግቢያው አጠገብ ተቀምጧል። ሁሉን ሳሰላ እሱን አላሰብኩትም። ስሟን ሲሰማ የዘረጋውን እጅ አወረደ። አየኝ። ከዚያ ዓይኑ የተቀመጠውን ሰው ፊት በፊት እያለፈ ልብስ ሰፊው ላይ ደረሰና ወደ እኔ ተመለሰ።

ተነሥቶ መጣና እጄን ያዘ። በዐረብኛ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “አክስትህን አውቃታለሁ፤ ስትቀበር ነበርኩ። የሸኛት ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር” አለኝ። ዐረብኛ የሚሰሙት ሼኹ ጢማቸውን ያዙ።

ከኋላዬ ልብስ ሰፊው በጣም ቀስ ብሎ፣ “ስትገነዝ ማን እንዳጠባት ጠይቅልኝ” አለ።

“አክስቴን ማን አጠባት?” አልኩ።

“እኅቷ ከገጠር መጥታ። ሕመምም አልበዛባትም።” ከዚያ ጨመረ፤ “ጦሩ ልጅሽ ሞቷል ብሎ መርዶ ልኮላት ነበር። አላምንም ብላ ለቅሶ ሳትቀመጥለት ሞተች። እነሱ ግን ከሞቱት ቆጥረውታል፤ የሚፈልገው የለም።”

ይህን ሲናገር ዓይኑ ከእኔ ላይ አልተነሣም። ልብስ ሰፊው ትሪውን መሬት አስቀምጦ ሰው መሀል ቁጭ አለ። የቀረውን ሻይ ሚስቴ አደለች።

በሦስተኛው ቀን ሸራው ፈረሰ፤ እሱም ለአንድ ሹም ቀጠሮ ያለፈበትን ኮት ሊጨርስ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠ። የአሶሳ ሰው ነኝ ማለቱንም አልተወም። ነጋዴው በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ እሱ ዘንድ ጀለቢያ አሰፋ። ሲለካው አጠገባቸው ነበርኩ። ርዝመቱ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሁን ወይስ ከፍ ይበል ተከራከሩ፤ ሌላ ነገር አላወሩም።