የቆርቆሮው ጣራና የዒድ መብራት

ከኩዌት ስመለስ ከሁለቱ ሻንጣዎቼ አንዱ በጌጥ መብራት ተሞልቶ ነበር። የለውጡ ሰሞን ነው፤ አገሩ ሁሉ ተስፋ ተስፋ ይላል። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ቤታችን ሊጠይቁኝ የመጡ ዘመዶች ሽቶና ሻርፕ ሲጠብቁ በጥቅል በጥቅል የታሰረ አምፖል አዩና ሳቁ። "ስድስት ዓመት ዐረብ አገር ከርማ አምፖል!" አለች አክስቴ። አባቴ ግን አንዱን ጥቅል አገላብጦ አየና፣ "ለዒድ እንሰቅለዋለን፣ ኢንሻአላህ" አለ።

እነዚያን መብራቶች የወደድኳቸው በሠራሁበት ቤት ነው። ረመዳን በመጣ ቁጥር የቤቱን ፊት በመብራት የሚያስጌጥ አንድ ቁጡ ግብፃዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይመጣ ነበር። መጀመሪያ መሰላል ያዥ ብሎ ከወጥ ቤት ጠራኝ። እየቆየ ገመድ አቀባይ ሆንኩ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት እሱ ከታች ቆሞ እየጮኸብኝ ሰቃይዋ እኔ ነበርኩ። አገሬ ልገባ ስል ከኪሱ ቴስተሩን አውጥቶ ሰጠኝ። ቴስተር ማለት ካቻቢቴ የምትመስል መሞከሪያ ናት፤ ጫፏ ኤሌክትሪክ ያለበትን ነገር ሲነካ እጀታዋ ውስጥ ትንሽ ቀይ መብራት ትበራለች። "ብረት ከመንካትሽ በፊት እሷ ትንካው" አለኝ።

አንዱን ዒድ ሐዘን ላይ ሆነን አሳለፍነው፤ ሌላውን መብራት ጠፍቶ። ከዚያ ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ። ወደ እናቴ ዘመዶች፣ ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ ሸሸን። ስንመለስ ቤቱ ተዘርፏል፤ የእናቴ ድስት እንኳ አልቀረም። የጣራው አንድ ጥግ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። የጌጥ መብራቶቹን ግን የፈለጋቸው የለም፤ ጓሮ ተበትነው አገኘኋቸው። አባቴ ሳምንት ሳይሞላ ቆርቆሮውን በሚስማር መትቶ መለሰው። ያኔ ከተማው ገና መብራት አልነበረውም።

መብራቱ ተመለሰ፤ ረመዳንም ገባ። ዒድ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አባቴ፣ "ዘንድሮ ካልሰቀልን መቼ ልንሰቅል ነው?" አለ።

"እንዲህ ተዘርፈን?" አለች እናቴ።

"ተዘርፈንማ ነው እንጂ!"

ጥቅሎቹን ሰሌን ላይ ዘርግቼ ገመዳቸውን ክንድ በክንድ ፈተሽኩ። አንደኛው ተልጦ መዳቡ ይታያል። አባቴ በናስትሮ እንጠቅልለው አለኝ። "ዝናብ ይገባበታል አባ" አልኩና ማንም አንስቶ እንዳይሰካው ስፒናውን ቆርጬ ጣልኩት። የቀሩትን ቤት ውስጥ ሰክቼ አበራኋቸው፤ ሠሩ። መልሼ ነቀልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ የበልግ ዝናብ ጣለና አባራ። እኔ ጥቅሎቹን ይዤ ስወጣ አባቴ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ባዶ እግሩን ጭቃው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። "ቆይ አባ" ብዬ ቴስተሯን አወጣሁ። ስንሸሽ የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበረች ተርፋለች። ተንጠራርቼ የቆርቆሮውን ጠርዝ ነካሁባት።

በራች።

ዓይኔን አላመንኩም። ሌላ ቦታ ነካሁ፤ አሁንም ቀይ። ዞር ስል አባቴ የመሰላሉን የመጀመሪያ እርከን ረግጦ በእጁ ወደ ቆርቆሮው ይንጠራራል።

"አባ፣ እንዳትነካው! ውረድ!"

በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። እጁ ከቆርቆሮው ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ቀስ ብሎ ወረደ።

እናቴ በሩ ላይ ሆና፣ "ያ ረቢ! ትናንት የልብስ ማስጫው ሽቦ ጣቴን ሲነዝረኝ ደም ግፊቴ መስሎኝ" አለች። ማስጫው የታሰረው ከጣራው ነው።

ደረቅ ጫማ አድርጌ ቆጣሪው ጋ ሄድኩና የቤቱን መብራት በሙሉ አጠፋሁ። ቆርቆሮውን እንደገና ስሞክረው ቴስተሯ አልበራችም። እንዲያም ሆኖ ማንም እንዳይነካው አልኩ፤ የሰፈሩን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠራሁ። ሽማግሌ ናቸው። ወጥተው ቆርቆሮውን ገለጥ አድርገው አዩ። ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚገባውን ሽቦ ሚስማር በስቶታል።

"ማነው ያገኘው?" አሉ።

"እሷ" አለ አባቴ።

ከላይ ሆነው አዩኝ። "አንቺ ልጅ፣ በዚህ ጭቃ ላይ ቆሞ ይሄን ቆርቆሮ የጨበጠ ሰው . . ." አሉና ተዉት።

አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። "መብራት አልነበረም እኮ አባ። በምን ልታውቅ?"

"አንቺስ በምን አወቅሽ?"

ያን ጊዜ ስለ ኩዌት ነገርኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ ስደውል "ደህና ነኝ" ብቻ ነበር የምለው። ስለ ግብፃዊው፣ ስለ ከፍታው፣ ቴስተሯን ስለ መስጠቱ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ "እኔ ሰው ቤት ስታጥቢ ብቻ ነበር የምትታይኝ" አለ።

በማግሥቱ ሽማግሌው ሽቦውን ቀይረው በፕላስቲክ ቱቦ አሳለፉት። ፍተሻውን ለኔ ትተው፣ "ሞክሪው" አሉኝ። ሞከርኩ፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ወጣሁ፤ አባቴ መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘ። ገመዱን በሚስማር አልመታሁም፤ የጎማ ካመነዳሪ ቁራጭ እየቆረጥኩ ከእንጨቱ ጋር አሰርኩት፤ የቆርቆሮው ስለት እንዳይልጠውም አራቅኩት። ስፒናው ቤት ውስጥ ቀረ። ገመዱ በመስኮት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ እንዲል አደረግኩ፤ ዝናብ ሲወርድ ተከትሎት እንዳይገባ።

የዒድ ዋዜማ፣ መግሪብ ሰግደን ስንነሳ ሰካሁት። አረንጓዴና ነጭ ብርሃን የቤቱን ፊት ሞላው። በዚያ ሁሉ ጨለማ ከርሞ የወጣ ሰፈር በየበሩ ወጥቶ ቆመ። እናቴ እልል አለች። አባቴ ላለፈ ላገደመው ሁሉ፣ "የልጄ ሥራ ነው! መጀመሪያ ነፍሴን አተረፈች፣ ከዚያ ሰቀለችው" ይል ነበር። እየሰማሁ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

ዒዱ ካለፈ በኋላ ጎረቤቶች ጣራቸውን እንድሞክርላቸው ይጠሩኝ ጀመር። የተገነጠለ ቆርቆሮ ያልመታ ቤት የለማ። ከመስጊዱ ጀርባ ያሉት ክርስቲያን ጎረቤታችን ቤት ቴስተሯ እንደገና በራች፤ ሽማግሌው መጥተው አስተካከሉት። የቤቱ እመቤት ጉንጬን ስመው፣ "ለገና የኔን ቤት መብራት ካንቺ በቀር ማንም አይሰቅልልኝም" አሉ። ገና ሲመጣም እኔው ሰቀልኩላቸው።