የማለዳ ቴሌቪዥን ክፉ አማት

ቹ ሹላን በሆንግ ኮንግ፣ ሁንግ ሆም በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከድሮው የመርከብ መሥሪያ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። የምትሸጠው ጂያውዝ ነው፤ ሥጋና ጎመን በስስ ሊጥ ጠቅልላ፣ ቀቅላ፣ ከኮምጣጤ ጋር ታቀርባለች። ባሏ ማክ ካምቶንግ የመርከብ በያጅ ነበር። መሥሪያው ሲዘጋ የብየዳ መነጽሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሊጥ መዳመጥ ጀመረ።

እሷ የቤጂንግ ልጅ ናት፤ ያደገችው በሰሜኑ ቋንቋ፣ በማንዳሪን ነው። ሆንግ ኮንግ ስትገባ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ ከአገሬው ቋንቋ፣ ከካንቶን፣ አንድም ቃል አታውቅም። ከገባች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ሲልም የምትናገረው ካንቶን እየተንሻፈፈ ነው የሚወጣው። በካንቶን «መግዛት» እና «መሸጥ» የሚለዩት ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ በማለቱ ብቻ ነው። እሷ ሁሌ ታምታታቸዋለች።

«ይቺ ሴትዮ ዕድሜ ልኳን ጂያውዝ ስትገዛ ኖረች» ይል ነበር ማክ ለገባ ለወጣው። «መቼ እንክበር ታዲያ?»

«አንተ የእኔን ቋንቋ ሁለት ቃል ሳታውቅ በእኔ ትስቃለህ?»

«ሁለትማ አውቃለሁ። ‹ብላ› እና ‹ዝም በል›። ለትዳር ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?»

እኔ ሎ እባላለሁ። ያወቅኋት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። «ማለዳ» የሚባል አዲስ የሳተላይት ቴሌቪዥን ኩባንያ ከምግብ ቤቷ ፊት ለፊት ያለውን የአሮጌ ፋብሪካ ላይኛ ፎቅ ተከራየ፤ እኔም በድምፅ ቀራጭነት ተቀጠርኩ። ጣራው ላይ ግዙፍ ነጫጭ ዲሾች ሲተከሉ ሰፈሩ አንጋጦ ዋለ። ሥዕሉና ድምፁ ከዚያ ተነስቶ ሰማይ ላይ ወዳለው ሳተላይት ይወጣል፣ ከዚያ ደግሞ ከጃፓን እስከ ዓረብ አገር ድረስ ይወርዳል ተባለ። ማክ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አየና፣ «ይሄን የሚያህል መጥበሻ! ማንን ሊጠብሱበት ነው?» አለ።

ኩባንያው በስሙ ትልቅ፣ በኑሮው ሚስኪን ነበር። ጣራው ያፈሳል። ከበታቻችን ያለው ፎቅ የካልሲ ፋብሪካ ነው፤ መኪናዎቹ ሲንቀሳቀሱ ወለላችን ይንቀጠቀጣል። ከበላያችን ደግሞ ወደ ካይ ታክ አየር ማረፊያ የሚወርዱ አውሮፕላኖች የልብስ ማስጫ ገመድ ሊነኩ እስኪመስሉ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ስለዚህ ድምፅ የምንቀርጸው የካልሲ ሠራተኞች ለምሳ ሲወጡ ነበር፤ እሱም አውሮፕላን እስኪያልፍ እየጠበቅን።

የማንዳሪን ጣቢያ ኃላፊያችን ዪፕ ዋይሰም ትባላለች። በአንድ ጆሮዋ ስልክ፣ በሌላው ጆሮዋ ሰው የምታዳምጥ፣ ጉንጯ ውስጥ ሁሌም የደረቀ ፕሪም የማይጠፋ ቀጭን ሴት ናት። ሥራውን ለመጀመር ከጃፓን አንድ ረጅም ተከታታይ ድራማ ገዛች። ታሪኩ በአንዲት ተራራማ ከተማ ማረፊያ ቤት የምታስተዳድር ክፉ አማት ምራቷን እንዴት እንደምታሰቃይ ነው። የእኛ ሥራ በጃፓንኛው ፋንታ የማንዳሪን ድምፅ ማስገባት ነበር። ለአማቲቱ ድምፅ እንድትሆን ከታይዋን ዋና ከተማ ከታይፔ አንዲት ተዋናይት አስመጣን። ገና በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ጉሮሮዋ ታመመና ተመለሰች።

ያኔ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ማንዳሪን አጥርቶ የሚናገር ሰው እንደ ልብ አይገኝም። ዪፕ ያገኘችውን ሁሉ ፈተነች። አንዷ የአማቲቱን ቁጣ ስታነብ የባቡር መነሻ ሰዓት የምታስታውቅ ትመስል ነበር። ሌላዋ ምራቷን መሳደብ አሳዝኗት አለቀሰች። ድራማው ሊተላለፍ ቀኑ ደርሷል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሠራተኛው በሙሉ የሚበላው ከቹ ቤት ነው። ጂያውዙን በሸክላ ሳህን እናስመጣለን፤ ሳህኑን የሚመልስ ግን የለም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የፈተና ቀረጻ ላይ እያለን የስቱዲዮው በር ብርግድ አለ። በሩ ላይ ቀይ መብራት በርቷል፤ ለእሷ ግን ቀይ መብራት ምኗም አይደለም። ዓይኗ በቀጥታ ያረፈው ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ሳህኗ ላይ ነው። ከጣራው የሚንጠባጠበውን ውሃ እያጠራቀመ ነበር። ሌላኛው ሳህን ሲጋራ መተርኮሻ ሆኗል።

ሰው ሲናደድ የእናቱ ቋንቋ ነው የሚመጣለት። በንጹሕ የቤጂንግ ማንዳሪን አወረደችብን።

«እናንተ እናት አልወለደቻችሁም? ሰው የበላበትን ሳህን ያጥባል! ማጠብ ያቃተው ይመልሳል! መመለስ ያቃተው እንኳ ያፍራል! እናንተ ከሦስቱ አንዱን አታውቁም! በልታችሁ የጠገባችሁበትን ሳህን ከፍሳሽ ሥር ትጥሉታላችሁ? ነገ እኔንም ትጥሉኛላችሁ!»

ምላሷ ጤፍ ይቆላል። ለፈተና የመጣችው ልጅ ተሸማቃ ጥግ ያዘች። ዪፕ ስልኩን ከጆሮዋ አነሳች።

«ሎ፣ ማይኩ ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው።»

«ቀርጸኸዋል?»

«አንድም አላመለጠኝም።»

ዪፕ ፕሪሟን ዋጠችና ወደ ሴትዮዋ ቀረበች። «አክስቴ ቹ፣ እባክዎ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም! ሳህኔን!»

«ሳህኖቹን እኔ ራሴ አጥባለሁ። እርስዎ አሁን ያሉትን በዚያው ቁጣ ይድገሙልኝ። ስለ ሳህን ሳይሆን ግን፣ ስለ አረረ ሩዝ።»

ቹ የምትሾፍባት መሰላት። ዪፕ እውነትም እጅጌዋን ሰብስባ ወደ መታጠቢያው ስትሄድ ግን ተቀመጠች። ቪዲዮውን አሳየናት። አማቲቱ ምራቷን ስታንበረክክ ጠጋ ብላ አየች። ከዚያ ባልጠበቅነው ሁኔታ ሳቋን ለቀቀችው።

«ምን ያስቅዎታል አክስቴ?» አልኳት።

«አውቃታለሁ እኮ! ይቺ የማክ እናት ናት። አገባብሽ አያምር፣ አወጣጥሽ አያምር ስትለኝ፣ ካንቶን ስለማላውቅ በፊቷ ነበር የምረዳት። አፈሩን ገለባ ያድርግላትና፣ አሁን እኔ እናገርላታለሁ። ክፈት ማይክህን።»

ከፈትኩ። አውሮፕላን አለፈ፤ ጠበቅን። ከዚያ የተናገረችውን የሰማ ሁሉ አከርካሪውን ቀና አደረገ።

ድራማው መተላለፍ ሲጀምር ከጣራችን ሽቦ ወደ ምግብ ቤቷ ወረወርንና አንድ ቴሌቪዥን ተከልንላት። ማክ የሊጥ መዳመጫውን እንደያዘ ፈዞ ቀረ።

«ምን እንደምትል አንድም አልገባኝም» አለ። «ግን ይቺ እናቴ ናት!»

«ናት። ሞታም ታሠራኛለች» አለችው ሚስቱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእኛ ማንም አልጠበቀውም። ደብዳቤ መጣ። ከታይዋን፣ ከፔንግሁ ደሴቶች የዓሣ አጥማጅ ሚስቶች ጻፉ። ከማሌዥያ፣ ከኢፖህ ከተማ፣ አንድ ልብስ ሰፊ «እናቴ ይህን ድራማ ማየት ከጀመረች ወዲህ ለሚስቴ ሾርባ መሥራት ጀምራለች» ብሎ አመሰገነ። ከቻይና፣ ከኩንሚንግ ከተማ፣ አንድ የሆቴል አስተዳዳሪ፣ እንግዶች ዲሽ ያለበትን ክፍል ካልሰጣችሁን እያሉ አስቸገሩኝ አለ። ማስታወቂያ የሚያሠሩ ነጋዴዎች ደረጃችንን መውጣት ጀመሩ። የካልሲው ፋብሪካ ደመወዝ ርካሽ ወደሆነበት ወደ ድንበሩ ማዶ፣ ወደ ቻይና፣ ሲሄድ ፎቁን እኛ ወሰድነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ከሥሩ ያለውን። የህንድ ሙዚቃ ጣቢያ ተከፈተ፣ የስፖርት፣ የፊልም። ሊፍቱ ውስጥ የማይሰማ ቋንቋ አልነበረም። ጣራውም በስተመጨረሻ ተጠገነ።

ማለዳ ታይፔ ላይ ቅርንጫፍ ሲከፍት ቹን ለምርቃቱ ጋበዟት። ዕድሜዋን ሙሉ አውሮፕላን በአናቷ ላይ ሲያልፍ ኖራ፣ ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነበር። እኔና ዪፕ አብረናት ሄድን። ታክሲ ውስጥ እንደገባን ሹፌሩ በጥድፊያ ተፈተለከ።

«ቀስ በል እንጂ! የጫንከው ሰው ነው ወይስ ጎመን?» አለችው።

ታክሲው ቀስ ብቻ አላለም፤ ቆመ። ሹፌሩ ዞሮ አፈጠጠባት።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ… እርስዎ ያቺ ሴትዮ ነዎት?»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«የማረፊያ ቤቷ አማት! ወይ ጉድ! ሚስቴ በየቀኑ ትራገምዎታለች እኮ!»

«ምን እያለች?»

«እሱን በአፌ ልደግመው አልችልም፤ ልጅ አሳድጋለሁ።»

ቤቴ ካልወሰድኳችሁ ብሎ ሙጭጭ አለ። ቤቱ ስንደርስ ሚስቱ ሽርጧን እንዳደረገች ወጣች፤ ቹ «ደህና ዋልሽ ልጄ» ስትላት ደንግጣ ማንኪያዋን ጣለች። ከኋላዋ አንዲት አጭር አሮጊት በዱላ ተደግፈው ብቅ አሉ። የሹፌሩ እናት ናቸው። የቹን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እግዜር ይስጥሽ እህቴ» አሉ። «አንቺ እዚህ ቤት ከገባሽ ወዲህ እኔ መልአክ ተብያለሁ።»

ሚስትየዋ ሳቀች፣ አሮጊቷም ሳቁ፤ እኛ ምርቃቱ ላይ የደረስነው ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

የድራማው መጨረሻ ግን እንዲህ የሚያስቅ አልነበረም። አማቲቱ ታማ ትሞታለች። እኛ ዘንድ የሟች ድምፅ ለሚሆን ሰው ክፉ ነገር እንዳይከተለው ገንዘብ ያለበት ቀይ ፖስታ ይሰጠዋል፤ ዪፕም አዘጋጅታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችላት። አማቲቱ ዓይኗን ከመክደኗ በፊት ለምራቷ የምትላት ነገር አለ። ቹ ወረቀቱን አነበበችና አስቀመጠችው።

«ቆይ ሎ፣ አትጀምር» አለችኝ።

ጠበቅሁ። አንድ አውሮፕላን አለፈ፣ ሌላም አለፈ። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ከዚያ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ።

«ልጄ» አለች። ቁጣው የለም፤ ያን ድምፅ ከእሷ ሰምተነው አናውቅም። «እዚህ ቤት ስትገቢ እጅሽ ቀዝቅዞ ነበር። ላሙቀው ሳልል ዘመኔ አለቀ። ይቅር በይኝ።»

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረችው፤ ሁለተኛ አልቀረጽንም። ስትወጣ ዪፕ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ቹ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት።

«የማክ እናት ይህን ሳትለኝ ነው የሞተችው» አለች። «ብትኖር ትለኝ ነበር ይሆናል። አሁን ብላዋለች።»

ያ ክፍል የተላለፈ ቀን ምግብ ቤቷ ሞልቶ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ማክ ከቴሌቪዥኑ ሥር ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። አማቲቱ ያንን ብላ ዓይኗን ስትከድን ማክ ዞሮ ሚስቱን አያት። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ በማንዳሪን፣ አንድ ነገር ተናገረ።

ቹ ማማሰያዋን ይዛ ቀጥ አለች። በትዳር ዘመናቸው እሱ በቋንቋዋ አንድ ሙሉ ነገር ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

«ምን አልክ?»

«አትሙቺ አልኩሽ» አለ በካንቶን፣ በሰው ፊት ጆሮው እየቀላ። «ያን ድራማ ዝም ብዬ የማይ መሰለሽ? ስማር ነው የከረምኩት። ልክ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም።»

«ምን አልኩ ታዲያ?»

«‹አትታጠቢ› ነው ያልከኝ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መንገድ ላይ ያሉት የሰሙት ለሌሎቹ እየነገሩ፣ ሳቁ እስከ ጥጉ ድረስ ሄደ። እሷም በእንባዋ መሃል ሳቀች፤ ሽርጧን አንስታ ፊቷን ስትጠርግ እሱ ትከሻዋን ይዞ «እሺ እንዴት ነው የሚባለው? በይው» ይላታል። አለችው። ደገመው። አሁንም ተሳሳተ።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከእኛ ጋር ሠራች። ጠዋት ጠዋት ሊጥ፣ ከሰዓት በኋላ ማይክ። ንግሥት ሆናለች፣ ጠንቋይ ሆናለች፣ የአንድ ትልቅ የባንክ ባለቤት አያት ሆናለች። አየር ማረፊያው ከካይ ታክ ወደ ላንታው ደሴት ሲዛወር ሰማያችን ጸጥ አለ፤ እሷ ግን በለመደችው ልማድ በየመሃሉ ታቆም ነበር። «ምን እየጠበቁ ነው አክስቴ?» ስላት «አውሮፕላኑን» ትልና ራሷ ትስቃለች። ማለዳ አዳዲስ ባለቤቶች አገኘ፣ ባሕሩን የሚያይ የመስታወት ሕንፃ ገባ፣ ስሙም በየአገሩ በየቋንቋው ተጻፈ። ዪፕ ሲንጋፖር ሄዳ የራሷን ድርጅት ከፈተች። ማክ ከሰሜን የሚመጡ ቱሪስቶችን በማንዳሪን መቀበል ጀመረ፤ ምን እንደሚላቸው ባይታወቅም እየሳቁ ይገባሉ፣ ጠግበው ይወጣሉ።

ቹ ሥራ ያቆመችው በስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። የመጨረሻ ሥራዋ የልጆች ካርቱን ነበር። ወጣቱ አዘጋጅ የአያት ዝሆኗን ድምፅ ሊሰጣት አስቦ ነበር፤ እሷ ግን ወረቀቱን ገልብጣ አየችና የሚያጓራውን ግልገል ዝሆን ካልሰጣችሁኝ አለች። ሰጧት። እኔ ከመስታወቱ ማዶ ሆኜ ማይኩን ከፈትኩላት። ግልገሉ ጭቃ ውስጥ ወድቆ እናቱን መጣራት አለበት። ጉንጯን ነፍታ አንዴ «እማ!» አለችና በራሷ ድምፅ ሳቋ አመለጣት። ሁለተኛ ሞከረች፤ ዓይኔን አየችና እንደገና ፈነዳች። ሦስተኛው ላይ እኔም ተሸነፍኩ፣ አዘጋጁም ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ያን ቀን ቀረጻው አላለቀም፤ በማግስቱ እንድትመለስ ቀጠርናት።