ካባ ይዘን ሄደን ካባ ይዘን መጣን፦ ከእስቴ እስከ ጋይንት

ሰኞ፣ ከደብረ ታቦር

ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ግንቦት ሊያልቅ ነው፤ ሰማዩ በስተምሥራቅ ቀልቶ በስተምዕራብ ደመና ቋጥሯል። ሦስት በቅሎ፣ አንድ ስልቻ በሶ፣ አንድ ዣንጥላ፣ በቆዳ ከረጢት የተቀመጠ አንድ ካባ። ካባው ጥቁር ነው፣ ጠርዙ በወርቅ ክር የተጠለፈ። የእኔዋ በቅሎ ገና ከከተማው ሳንወጣ ሁለት ጊዜ ዞራ ወደ ቤቷ ልትመልሰኝ ስለሞከረች እስከ መጨረሻው አልተዋደድንም።

የጉዞው መሪ መሐንዲሱ አቶ ታደለ ናቸው። በአውራጃው ውስጥ ከተሠሩት የድልድይና የመንገድ ሥራዎች ብልጫ ያለውን መርጠው ሠሪውን እንዲሸልሙ ከበላይ ታዘዋል። እኔ የተላክሁት አይቼ ለጋዜጣ እንድጽፍ ነው።

«በሲማዳና በጋይንት መካከል በድንጋይና በኖራ የተሠራ ድልድይ አለ ይላሉ» አሉኝ እርካብ እየረገጡ። «እንደሚወራለት ከሆነ ሠሪውን ካባውን አልብሰን ይዘነው እንመለሳለን። ለትልቁ መንገድ ሥራ ይፈለጋል።»

ባለበቅሎው አለባቸው ጭነት እያጠበቀ ነበር። ይህን ሲሰማ እጁ ቆም አለ፤ ከዚያ መልሶ ጠፍሩን ሳበ። የእስቴ ሰው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሁለታችንም ልብ አላልነውም።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ማስታወሻ ውስጥ የአንድ ሰው ስም ሲጎድል ቢያዩ የረሳሁት እንዳይመስልዎ። እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ የማልረሳው እሱን ነው።

ማክሰኞ፣ መካነ ኢየሱስ

ማምሻውን ገባን። ያደርንበት ቤት ባለቤት ድንች ወጥ፣ የገብስ ጠላና ለወገቤ የሚሆን ሰፊ መደብ አቀረቡልን። በስሙኒ የገዛነው እንቁላል ለሦስታችን ተርፎ ለነገ ስንቅ ሆነ። አለባቸው ግን ለእራት አልቆየም። «ዘመድ ልጠይቅ» ብሎ ወጣ፤ ሲመለስ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር የጨረሰ ሰው እርጋታ ነበር።

ረቡዕ፣ ወደ ሲማዳ ስንወርድ

የእስቴ አራሽ ዝናብ ሳይጥል መሬቱን ሊያለሰልስ ይጣደፋል። በየማሳው ጅራፍ ይጮኻል፣ በሬ በስሙ ይጠራል። ቁልቁለቱን ጨርሰን ከወንዝ ዳር ስንደርስ ያልጠበቅነው ነገር አየን፦ ገና ያላለቀ ድልድይ።

ከሁለቱም ዳር የተጠረበ ድንጋይ በእንጨት ድጋፍ ላይ ተደርድሮ እየጎበጠ ወደ ላይ ወጥቷል። ከላይ፣ ሁለቱ ወገን ሊገናኝበት ከሚገባው ቦታ፣ አንድ ጋቢ የሚሸፍነው ያህል ክፍት ቀርቷል። አቶ ታደለ ከበቅሎ ወርደው ጫማቸውን አወለቁና ውኃው ውስጥ ገቡ። ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳበሱት። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ብለው ዘወትር በአድናቆቴ የሚስቁብኝ ሰው አንጋጠው ቀሩ።

«አለቃችሁ ማነው?» አሉ ድንጋይ የሚጠርቡትን።

«አለቃ የለንም ጌታዬ። በደቦ ነው የምንሠራው።»

«ደቦ ድንጋይ ያመጣል እንጂ እንዲህ ያለ ቅስት አይሠራም።»

«እንግዲህ ማርያም ትወቅ» አለ አንዱ፣ ወደ መዶሻው እያየ። አለባቸው በቅሎ ማጠጣት የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ በቅሎዎቹ ግን ቀድመው ጠጥተዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

አቀበቱን ስንወጣ አቶ ታደለ ወደ ደመናው አመለከቱኝ። «ቅስት እስኪዘጋ ድረስ ራሱን አይችልም፤ እንጨቱ ነው የተሸከመው። ጎርፉ ከመዝጊያው ድንጋይ ከቀደመ ድጋፉንም ድንጋዩንም ጠርጎ ይወስደዋል። የጀመረው ሰው ደግሞ ራሱ ነው መዝጋት ያለበት» አሉኝ።

ሐሙስ፣ ሲማዳ

ስለ ሐሙስ የምጽፈው ትንሽ ነው፦ ገደል፣ አቧራ፣ ዘንባባና የማትታዘዝ በቅሎ። የጠየቅነው ሰው ሁሉ የምንሄድለትን ድልድይ ያመሰግናል፤ ሠሪውን ግን የሚያውቅ አንድም አልተገኘም።

ዓርብ፣ ከድልድዩ ላይ

የአርብ ገበያ ቀን ነው። ገብስና ባቄላ የጫነ አህያ፣ በግ የሚነዳ፣ ጌሾ የተሸከመች፣ ሁሉም ወደዚያው ይተማል። የመጣንለትን ድልድይ ከአፋፉ ሆኜ ሳየው፣ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ዘለለ። ሁለት ቅስት፣ መካከሉ ላይ አንድ ወፍራም ምሰሶ፤ ምሰሶው ጎርፉ በሚመጣበት በኩል እንደ አፍንጫ የሾለ። አህዮቹ ሳይገፉና ሳይደበደቡ ይሻገራሉ። በዚህ አገር አህያ ያመነው ድልድይ ምስክር አያስፈልገውም።

ከድልድዩ ጫፍ አንዲት ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ተቀምጣለች። ጠየቅኋት።

«ድሮማ ክረምት ከገባ ማዶና ማዶ ተለያይተን ነው የምንከርም» አለችኝ። «እናቴ የሞተች በነሐሴ ነው። ቀብሯን ከዚህ ማዶ ቆሜ አየሁት። ለቅሶዬን ወንዙን አሻግሬ ጮኽሁት። እነሱም ከዚያ ሆነው መለሱልኝ።»

«ታዲያ ይህን ማን ሠራላችሁ?»

«ሕዝቡ ነዋ፣ ጌታዬ» አለች። ዓይኗ ግን ሳታስበው ወደ አንድ ሽማግሌ ሸሸ። ሽማግሌው እስከ አፍንጫው ጋቢ ተከናንቦ ከድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

አቶ ታደለም አይተዋታል። ጥቂት አሰቡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ገበያተኛው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ድልድዩ መልካም ነው» አሉ። «ግን ይህ ምሰሶው ላይ የሾለው ነገር ምንድን ነው? ጌጥ! ድንጋይ ማባከን! ሠሪው ሥራውን አያውቅም።»

ጋቢው ተነሣ።

«ማነው ጌጥ ያለው?» አለ ሽማግሌው። ተቆጥቷል፤ አንቱታውን ግን አልጣለም። «ጌታው፣ ክረምት ይምጡና ይዩት! ይህ ወንዝ ግንድ ከነሥሩ ነቅሎ የሚያመጣ ወንዝ ነው። ሹሉ ወደ ጎን ባይመልሰው እንደ አውራ በግ ይወጋው ነበር ምሰሶዬን!»

«ምሰሶዎን?» አሉ አቶ ታደለ፣ በዝግታ።

ሴትዮዋ ጉንጯን ያዘች። «ወይኔ አያ! ምነው ዝም ቢሉ!»

አቶ ታደለ እጅ ነሡት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔም ብሠራው እንደዚሁ አሾለው ነበር። ይህን የሠራ ሰው ሥራው ሲነቀፍ መታገሥ እንደማይችል ስለማውቅ ነው የነቀፍሁት።» ከዚያ ካባውን ከከረጢቱ አወጡት።

ያን ጊዜ ነው አለባቸው የፈነዳው። «እኔ ነኝ ያስወራሁት፤ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ» አለ። «እስቴ እንደገባን ነው ልትወስዱት እንደመጣችሁ ለሰዎቹ የነገርኋቸው። ካባ የለበሰ መቼ ተመልሶ ያውቃል? የደብራችንን ጣሪያ የጀመረውን አናጢ አልብሰው ወሰዱት። ጣሪያው ዛሬም ክፍቱን ነው።»

ሽማግሌው ረቡዕ ያየነውን ቅስት ሳይዘጋ ትቶ የሸሸው ለዚህ ነበር። መሸሸጊያ አጥቶም አልነበረም እዚህ የመጣው፤ መሐንዲስ ድልድዩን ሲመለከት ምን እንደሚል ለመስማት ጓጉቶ እንጂ። ይህን ራሱ ነገረኝ፣ እያፈረም እየሳቀም።

ዓይኑን ከካባው ላይ ማንሣት አልቻለም። «ሽልማት ንቄ አይደለም ጌታው» አለ። «ካባ እወዳለሁ። ከጉብዝናዬ ጀምሮ ስመኘው የኖርሁት ነው። ግን ያን ቅስት አፉን ከፍቶ ትቼው ወዴት እሄዳለሁ? ዝናቡ በላዬ ላይ ነው። እነዚያ ሰዎች በሬያቸውን ፈትተው ነው ድንጋይ ያመጡልኝ።»

«ካባውና ትእዛዙ አንድ ላይ ነው የተሰጠኝ» አሉ አቶ ታደለ። «ካባውን ከወሰዱ ስምዎን ጽፌ አሳልፋለሁ፣ ይሄዳሉ። ሰውየው ካልተገኘ ግን ካባው ይመለሳል። ከዚህ ሌላ መንገድ የለኝም።»

ሽማግሌው ወደ ምሰሶው አየ። ከዚያ እንደ ልጅ በቀጭን ድምፅ «አንድ ጊዜ ልልበሰው?» አለ። «እዚያ ማዶ ደርሼ እስክመለስ ብቻ።»

አቶ ታደለ ራሳቸው አለበሱት። አህዮቹ ቆሙ፣ ገበያተኛው ግራና ቀኝ ተጠጋ። ሽማግሌው አንገቱን ቀና አድርጎ፣ እንደ ደጃዝማች እየተንቀባረረ፣ በገዛ ድልድዩ ላይ ተራመደ። ከምሰሶው በላይ ሲደርስ ቆሞ ካባውን አስተካከለ። ሴትዮዋ እልል አለች፣ ከማዶ ያሉትም ተቀበሏት። ሲመለስ አልተቻኮለም።

ከዚያ አወለቀው። አቧራውን አራግፎ፣ የወርቅ ክሩ እንዳይታጠፍ ተጠንቅቆ አጠፈና ለአቶ ታደለ በሁለት እጁ ሰጣቸው። «በሉ። የምትፈልጉትን ሰው አላገኛችሁም» አለ። ጋቢውን መስቀልያ አጣፍቶ ወደ እስቴ መንገድ ገባ። እኔ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አላፈርሁበትም።

እሑድ፣ የጋይንት ቤተ ልሔም

ካህናቱ ከማሕሌት ወጥተዋል። ቤታቸው ያሳደሩን ሽማግሌ መሪጌታ ቆሎና ጠላ አቀረቡልን። አቶ ታደለ ከአርብ ገበያ ጀምሮ ፊታቸው አልፈታ ብሎ ነበርና ጉዳዩን ሁሉ አጫወቷቸው።

«ሰውየውን አላገኘሁም ልል ነው፣ አባቴ። ልዋሽ ነው።»

መሪጌታ ቆሎአቸውን አላምጠው እስኪጨርሱ አልመለሱም። «ልጄ፣ የተላካችሁ ካባ የሚለብስ ሰው ፍለጋ ነው?»

«አዎን።»

«እሱ ደግሞ አውልቆታል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው መቼ አገኛችሁ?» አሉ። አቶ ታደለ ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ረቡዕ፣ ደብረ ታቦር

ከተማው ጫፍ ስንደርስ ዝናቡ ጀመረ። በቅሎዬ ቤቷን ስታይ ያለ እኔ ፈቃድ ሮጠች። አቶ ታደለ ዣንጥላውን የዘረጉት ለራሳቸው ሳይሆን ለካባው ከረጢት ነው፤ እሳቸው ግን እየበሰበሱ ወደ እስቴ ዞረው ያያሉ። «ዘግቶት ይሆን?» አሉኝ።

ይህን ማስታወሻ ያን ጊዜ አላሳተምሁትም። በመስከረም አለባቸው መጣና ከበቅሎው ሳይወርድ «ተዘግቷል!» ብሎ ጮኸ። የመጀመሪያው ጎርፍ የደረሰው እንጨቱ ተነቅሎ ሳያበቃ ነው፤ እንጨቱን ወሰደው፣ ቅስቱ ግን ቆመ።

አሁን ልጽፍ የቻልሁት ሽማግሌው ስላረፈ ነው። አቶ ታደለም «ጻፈው፣ የሚጠይቀኝ ካለ እኔ እመልሳለሁ» ብለውኛል። ያረፈው ከዚያ ወዲህ በአንድ ነሐሴ፣ ወንዙ ሁሉ ከአፍ እስከ ገደፉ በሞላበት ወቅት ነው። አለባቸው እንደነገረኝ የእስቴም፣ የሲማዳም፣ የጋይንትም ሰው ለቀብሩ በእግሩ መጣ። ወንዝ አሻግሮ ለቅሶውን የጮኸ አንድም አልነበረም።

ከእንግዲህ ካባ አልብሶ የሚወስደው የለም። ስሙ ጫኔ ዘለቀ ይባላል።