የሚስቴ እህት የዘይት ፓምፑን የከፈተች ዕለት

የባለቤቴ ታላቅ እህት በናፍጣ መኪኖች ጋራዥ ውስጥ ዕቃ አጣቢ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከግማሽ በርሜል ፊት ተቀምጣ፣ መካኒኮች የፈቱትን ብረት በናፍጣና በብሩሽ ስታጥብ ኖራለች። ስለ እሷ መጻፍ የሚገባው ሌላ ሰው ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ እጄም ከእርሳስ ይልቅ መሪ ይቀናዋል። ግን ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ሥራዋ ማጠብ ብቻ ነው። እሷ ግን አጥባ ዝም ብላ አታስረክብም። ብረቱን ታገላብጠዋለች፣ ጭረቱን በጥፍሯ ትከተለዋለች፣ ከዚያ ተነሥታ መካኒኩ ዘንድ ትሄዳለች። «ይሄ በአንድ ወገኑ ብቻ ለምን ተበላ?» ትለዋለች። መልሱ ካልጣማት ሌላውን ትጠይቃለች። ስለዚህ በጋራዡ ውስጥ ስሟ «ዐቃቤ ሕጓ» ነው። ስትመጣ ሲያዩዋት «ተነሡ፣ ችሎት ተሰየመ!» ይባባላሉ። አትቀየምም። «ከሳሹ ብረቱ ነው፤ እኔ ጠበቃው ነኝ» ትላቸዋለች።

እኔን «ሙሽራው» ትለኛለች። እህቷን ካገባሁ ሃያ ሦስት ዓመት አልፎኛል፣ ፀጉሬ ሸብቷል፣ እስካሁን ሙሽራ ነኝ። እኔ እትዬ እላታለሁ።

መኪናዬ አሮጌ የጭነት መኪና ናት፤ ቤተሰቤ የሚኖረው በእሷ ነው። ከስምንት ወር ወዲህ ሞተሯ ሲሞቅ የዘይት ግፊት መለኪያው መርፌ ይወርድብኝ ጀመር። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ እስከ ቀዩ መስመር፣ በኋላማ ሞተሯ ሞቆ እየዞረ ስቆም ጭራሽ ዜሮ ላይ ይተኛል። ዘይት ያልደረሰው ሞተር ብረት ከብረት ይበላላል። ዋናው መካኒክ፣ አለቃ የምንለው፣ ከሥሯ ገብቶ የዘይት መያዣውን አወረደ፣ ፓምፑን ሳይከፍት እንዳለ ነቀለ፣ የሞተሩን ውስጥ ነካክቶ ወጣ።

«አብቅቶላታል» አለኝ እጁን እየጠረገ። «ዋናው ዘንግ የሚያርፍባቸው ብረቶች ተበልተዋል። የዚህ ሞተር መለዋወጫ ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ቆየ። ለቁርጥራጭ ብረት ስጣት።»

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ይቀለኛል። የብረታ ብረት ነጋዴው በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት መጥቶ እንዲጎትታት ተስማማን።

በማግሥቱ ጠዋት ሄጄ መኪናዬ አጠገብ ቆምኩ። ሥራ ኖሮኝ አይደለም፤ እግሬ አልሄድ ብሎኝ ነው። እትዬ ከበርሜሏ ጠራችኝ።

«ሙሽራው፣ ና እስቲ!»

መፍታት ሥራዋ አይደለም፤ ግን አለቃ ትናንት ነቅሎ በርሜሏ አጠገብ የጣለውን የመኪናዬን ፓምፕ ቡሎኖች ፈትታ ክዳኑን አንሥታለች። ውስጡ ሁለት ባለጥርስ ብረቶች ጎን ለጎን ተያይዘዋል። አንዱን በጣቷ ስታዞረው ሌላው አብሮ ዞረ።

«አየህ? ዘይቱን በጥርሳቸው እየዛቁ በግድግዳው ዙሪያ ያሳልፉታል። አንዱ ብቻውን አይሠራም፣ ልክ እንደ አንተና እንደ እህቴ።» ከዚያ ከክዳኑ ሥር የላጠችውን ዘይት የጠጣ ወፍራም ካርቶን ወደ ብርሃን አነሣችው። «አሁን ይሄን አስረዳኝ። በዘይት ፓምፕ ውስጥ ሰባት ሲባዛ በስምንት ምን ይሠራል?»

«ሃምሳ ስድስት!» አለ ከወዲያ ጎማ የሚጠግነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ካርቶኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከስምንት ወር በፊት መንገድ ላይ ፓምፑ በቆሻሻ ተይዞብኝ ብቻዬን ከፈትኩት፤ በክዳኑና በአካሉ መካከል ያለው ስስ ወረቀት ተቀደደብኝ። ምትክ አልነበረኝም። የማታ ትምህርት ደብተሬን የጀርባ ሽፋን፣ ማባዣ የታተመበትን፣ በመቀስ ቆረጥኩና አስገባሁት። ወፍራም ነው፣ አያንጠባጥብም ብዬ ደስም ብሎኝ ነበር። ከዚያ ለማንም አልተናገርኩም። ደብተር ቀዶ ሞተር ውስጥ የሚከት ሹፌር መባልን ፈራሁ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«እሱማ ማን ይሆናል? በዚህ ጋራዥ ደብተር ያለው ካንተ በቀር ማን አለ?» ብላ ሳቀች። ቁጣ አላየሁባትም፣ ዓይኗ በራ እንጂ። «እጅህን ዘርጋ።»

በእፍኜ ውሃ ሞላችልኝ። «አሁን ጣቶችህን አላላ።» አላላሁ፤ ውሃው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። «ይኸው ነው። ካርቶንህ ክዳኑን ከጥርሶቹ አራቀው፣ የዛቁት ዘይት በዚያ ክፍተት ወደ ኋላ ያመልጣል። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ይያዛል፤ ሲሞቅ እንደ ውሃ ይቀጥናል። ሂድና ለአለቃ ንገረው።»

«አንቺ ንገሪው።»

«ካርቶኑን እኔ ቆረጥኩት?»

ነገርኩት። አለቃ ካርቶኑን ተቀብሎ አገላበጠው።

«ዋናው ዘንግ የሚያርፍባቸውም ብረቶች ተበልተዋል እኮ» አለ።

«ምን ያህል?» አለች እትዬ ከኋላዬ።

«... ትንሽ።»

«በትንሽ ሕመም ሰው ይቀበራል?»

«እናንተ ሰዎች! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የፈለጋችሁትን አድርጉ።»

ጥርሶቹ ደህና ነበሩ። የፓምፑ ዘንግ ግን ማረፊያው ውስጥ ይወዛወዛል፤ ክዳኑም ካርቶኑ ከመግባቱ በፊት ለዓመታት ጥርሶቹ ሲፈትጉት ኖረው ሁለት ክብ ቦይ ወጥቶበታል። ዘንጉን ይዤ ብረት እያሽከረከሩ ወደሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ሮጥኩ፤ ቶርኖ ሠሪው ከነሐስ አዲስ ማረፊያ ቆረጠልኝ። ስመለስ እትዬ ከጋራዡ ጀርባ ካለው ቤቷ የቁም ሳጥኑን መስታወት ተሸክማ ስትወጣ አገኘኋት። ትልቋ ልጇ ማበጠሪያ ይዛ ትከተላታለች።

«እማዬ፣ ፊቴን በምን ልይ?»

«በማንኪያ።»

ከመስታወት የተስተካከለ ነገር የለም አለችኝ። በላዩ ብርጭቆ ወረቀት ዘረጋች፣ ናፍጣ አርከፈከፈች፣ ክዳኑን በግንባሩ ደፍታ በክብ በክብ ትፈትገው ጀመር። ሲደክማት እኔ እቀበላለሁ። በየጥቂቱ ጠርጋ ታየዋለች። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ብቻ አበራ፤ ቦዮቹ እንደ ጥቁር ቀለበት ቀሩ። ከዚያ ቀጠኑ። ከዚያ አንዷ ጠፋች። ሌላዋ ስትጠፋ እትዬ ጥፍሯን ደጋግማ አሳለፈችና «አሁን ምንም አይነግረኝም» አለች፣ ቅር እንዳላት ሁሉ።

በክፍተት መለኪያው ስስ ቆርቆሮዎች ለካች። በፊት እንደ ጥፍር የወፈረው ያልፍ ነበር፤ አሁን እንደ ፀጉር የቀጠነው እየጎተተ ነው የሚገባው። ስስ ወረቀት ቆርጣ አስገባች። ክዳኑን ከመዝጋቷ በፊት ፓምፑን ዘይት ሞላችው።

«ለምን?» አልኳት።

«ባዶ አፍ አይመጥም። በል ያዝ።»

አለቃ እስከዚያ ሌላ መኪና የሚሠራ መስሎ ያየን ነበር። መግጠሙ ላይ ሲደርስ ሳንጠራው መጣ፣ ቁልፉን ከእጄ ነጠቀኝና ራሱ ገብቶ አሠረው።

የዘይት መያዣው ተመልሶ ዘይት ሲሞላ ሞተሩን አስነሣሁ። መርፌው ብድግ አለ። ሁሉም ጮኹ፤ እትዬ ግን እጇን አነሣች። «ቀዝቃዛ ነው። ገና ነው።» ያኔ ነጋዴው የመጎተቻ ሰንሰለቱን ይዞ በበሩ ገባ። እሷ ጋቢናው ውስጥ ዘላ አጠገቤ ተቀመጠች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመኪና ሆድ ዕቃ ስታጥብ፣ ጋቢና ስትገባ አይቻት አላውቅም።

ረጅሙን ዳገት ወጣን። ዓይኗ ከመርፌው አልተነሣም። ጫፉ ላይ ቆመን ሞተሩን በዝግታ እንዲዞር ተውኩት፤ ሙቀቱ ከእግራችን ሥር ይሰማል። መርፌው ወረደ፣ ወረደ፣ ከቀዩ መስመር ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ቆመ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። አልወረደም።

«እንደ አዲስ አይደለችም» አለች። «ግን ትሠራለች።»

ጋራዡ ስንደርስ ነጋዴው ሰንሰለቱን እግሩ ሥር ክምር አድርጎ ይጠብቀኛል። እትዬ ከጋቢናው አልወረደችም፤ እኔን አየችኝ። ምላሴ እንደ ልማዱ ሊተሳሰር ነበር። ሰውየው «እሺ፣ እንሳባት?» አለኝ።

«አይ» አልኩት። ድምፄ ወፍራም ሆኖ ወጣ። «ለልፋትህ ይቅርታ አድርግልኝ። ነገ ጠዋት ጭነት እጭናለሁ።»